ትል ያልወጣባት ጠርሙስ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያው በታች፣ ባጃጆቹ ተሰልፈው ከሚቆሙበት ጥግ ስደርስ ሽታው አገኘኝ። ሙዝ ነው። የበሰለ ሙዝ አላልኩም፤ ከበሰለ በኋላ የሰነበተ፣ ልጣጩ እንደ አሮጌ ጫማ የጠቆረ፣ ውስጡ ወደ ጠላነት ያደላ ሙዝ። ባለሙዟ ሴትዮ በካርቶን ቁራጭ ታራግብበታለች፤ ሚጢጢዎቹ ዝንቦች ብድግ ይሉና ተመልሰው እዚያው ይሰፍራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ቆምኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። አዎ፣ የዝንቦቹን ዓይን። «ምን ጠፋብሽ የኔ ልጅ?» አለችኝ ባለሙዟ። «ነጭ ዓይን ያለው ዝንብ እየፈለግሁ ነው» ብላት ምን እንደምትለኝ አስቡት። «ምንም» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ፤ እስከ ቤት ድረስ የሄድኩት ግን በዛሬዋ ደብረ ታቦር ውስጥ አልነበረም።

አስራ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ትዝታ ይጻፋል ወይ ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ መጀመሪያውን ሳነብላቸው «ገና የወተት ጥርስሽ ረግፎ ሳያልቅ ምኑን ታስታውሽዋለሽ?» ብለውኛል። ግን እኮ አምስት ዓመት ለእኛ ዘመን ነው! እስከ አምና ድረስ ድርሰት ጻፊ ስባል ሦስት መስመር ጽፌ እርሳስ የማኝክ ልጅ ነበርኩ። ዘንድሮ እጄ ተፈታ፤ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ብቻ ተፈታ። ከተፈታ ዘንዳ ስለ ጽጌረዳና ስለ ጨረቃ ይጽፋል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እኔ የምጽፈው ስለ ትል ነው። ጠዋት ምግብ ሳትበሉ እንዳታነቡት።

ያኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሙዝ በሚገዛ ብር ያኔ ዘንቢል አፉ ድረስ ይሞላ ነበር። የምጫማው ወይን ጠጅ የላስቲክ ኮንጎ ነበር፤ በክረምት ውስጡ ጭቃ ገብቶ በተራመድኩ ቁጥር ጧ ጧ ይል ነበር፣ እኔም ሆን ብዬ አስጮኸው ነበር። ሹራቤ የታላቅ እህቴ ነው፤ እጅጌው ሁለቴ ተጠቅልሎም ጣቴን ይሸፍናል። ባጃጆቹ ሁሉ አንድ ዘፈን ብቻ የሚያውቁ ይመስል ነበር፤ አንዱ እያለፈ የጀመረውን ስንኝ ከኋላው የሚመጣው ይጨርሰዋል፣ ከቤት ሆነን ሙሉውን ዘፈን በተለያየ ባጃጅ እንሰማዋለን። ከጥጉ ላይ ፎቶ ቤት ነበረ፤ ግድግዳው ላይ በቀለም የተሳለ ፏፏቴ አለው፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እዚያ ፏፏቴ ስር ሳይርስ ቆሟል። ዛሬ ፎቶ ቤቱ ሞባይል ይጠግናል። ፏፏቴው ግን እስካሁን አለ፣ የስልክ ሽፋን ተሰቅሎበት። ያ ክረምት መንገዱ አንዴ የሚከፈት አንዴ የሚዘጋበት፣ መብራት ደግሞ ከሚኖርበት የማይኖርበት የሚበዛበት ክረምት ነበር። ለምን እንደሆነ ትልልቆቹ ያወራሉ፤ እኛ ስንገባ ዝም ይላሉ።

እህቴ የሺ የመጣችው በዚያ ክረምት መግቢያ ነው። የምትማርበት ቆላ አገር ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደየቤታችሁ ብሎ በትኖ ነበር። ከሚኒባስ ስትወርድ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ አስጭናለች፤ አንድ ካርቶን ግን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ነው የመጣችው። እኔ ተንደርድሬ ልቀበላት ስል ሸሸችኝ።

«ማር ነው?» አልኳት።

«ከማር ይበልጣል። አትነቅንቂው ማስቴ።»

ማስተዋል ነው ስሜ፤ ስታቆላምጠኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ቤት ገብተን ካርቶኑን ስትከፍተው ከማር የሚበልጠውን አየሁት። አፋቸው በጥጥ የተወተፈ ትንንሽ ጠርሙሶች ናቸው። የጠርሙሶቹ ግርጌ ላይ ቡናማ ገንፎ የመሰለ ነገር አለ። ገንፎው ይንቀሳቀሳል። ቀረብ ብዬ ሳይ ገንፎው አይደለም የሚንቀሳቀሰው፤ እርስ በርሱ የሚርመሰመሰው ነጫጭ ትል ነው። ጠግበው የወጡት መስተዋቱ ላይ ተለጥፈው እንደ ስንዴ ገለባ ደርቀዋል፤ ከገለባው ውስጥ ዝንቦች ይወጣሉ፤ የዝንቦቹ ዓይን ደግሞ እንደ ተቀቀለ ዓሣ ዓይን ነጭ ነው። ከጥጡ የሚወጣው ሽታ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ፤ ሙዝ፣ እርሾ፣ ትንሽ ደግሞ እግር እግር ይላል። ወደ ደጅ ሮጬ ወጣሁ። የዚያን ቀን ምሳ ሽሮ ነበር፤ ሁለቴ አየሁት።

እማ በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ታያለች። እናታችን ጠላ ጠማቂ ናት፤ በእኛ ሰፈር የእሷን ጠላ የማያውቅ ለቅሶም ሆነ ሠርግ የለም። ለጠላ ጠማቂ ደግሞ ከዚህች ሚጢጢ ዝንብ የከፋ ጠላት የለም፤ ጋን ውስጥ ከገባች ስምሽን ይዛ ነው የምትሞተው።

«የሺዬ፣» አለች እማ፣ «እኔ ከዝንብ ጋር ተዋግቼ ነው ያሳደግኩሽ። ጋኑን በጨርቅ ሸፍኜ፣ አተላውን አርቄ ደፍቼ። አንቺ ደግሞ ተሳፍራ የምትመጣ ዝንብ ታመጪብኛለሽ?»

«እማ፣ እነዚህ እኮ የተማሩ ናቸው።»

«የተማረችማ ትብሳለች። መባረሯን አስቀድማ ታውቃለች።»

የሺ ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር። ስለ እሷ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ይህን ሁሉ ቆሻሻ ለምን እንደታገስን አይገባችሁም። የሺ በአስራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ተምራ ሥራ እንደያዘች ገሳይ ከተማ ለሚኖር ሰው ተዳረች፤ አራት ዓመት ኖረች፣ አልወለደችም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ የታወቀ ነገር ነው ተብሎ ታለፈ። ሐኪም ዘንድ እንኳ የሄደችው ብቻዋን ነበር። ሐኪሙ «ባልሽስ የታለ?» ቢላት «እሱ ደህና ነው፣ እናቱ ነግራኛለች» ብላ መለሰች። ይህን ራሷ እያሳቀች ነበር የምታወራው። ተፋትታ ከገሳይ ተመልሳ እንደገና ትምህርት ገባች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን በዝንብ ጀመረች። አሁን የመመረቂያ ጥናቷ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞላታል፤ ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም። መስከረም ሲጠባ ውጤት ይዛ ካልቀረበች ስሟ ይሰረዛል። «ከአንድ ቤት ተሰርዣለሁ፤» አለች ለእማ፣ «ከሁለተኛውም እንድሰረዝ አልፈልግም።» እማ የጓዳውን ቁልፍ ሰጠቻት።

ነገሩ ምን እንደሆነ የገባኝ በአባባ በኩል ነው። አባባ ቄስ ናቸው፤ ያን ሰሞን በራፍ ላይ ተቀምጠው ስፌቱ የላላ የብራና ዳዊታቸውን በጅማት ይጠርዙ ነበር። የሺ ሙዝ እየጨፈለቀች አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ከዳዊትዎ ውስጥ አንዱ ቅጠል በገዛ ራሱ ተገንጥሎ ሌላ ገጽ መሀል ቢገባ ምን ይሆናል?»

«ንባቡ ይፈርሳላ።»

«ሁለት እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ቢኖሩና በመሀላቸው ያለውን ጥራዝ ይዘውት ቢነሱስ?»

«ተገልብጦ ሊሰፋም ይችላል እንጂ! አይቻለሁ እኔ። ጠራዡ ጠላ ቀምሶ ኖሮ፣ ከመዝሙሩ እኩሌታው እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ተሰፋ።» አባባ መነጽራቸውን አወጡ። «ዝንብም ዳዊት ትደግማለች ልትዪኝ ነው?»

ልትላቸው የፈለገችው ይህንን ነው። በዝንብ ዘረመል ውስጥ እንዲህ ያለ ዘላይ ቅጠል አለ። ራሱን ቆርጦ ይወጣል፣ ሄዶ ሌላ ቦታ ራሱን ይሰፋል፤ ሲዘል የነበረበትን ይቀዳል፣ የገባበትን ያፈርሳል፣ አንዳንዴም መካከሉን ይዞ ይገለብጠዋል። በደጅ የሚኖሩት የዱር ዝንቦች ይህ ቅጠል አላቸው። ነጭ ዓይኖቹ የጠርሙስ ዝንቦች ግን የላቸውም፤ ቅድመ አያቶቻቸው ቅጠሉ በዝንብ አገር ሁሉ ሳይዛመት ድሮ ተይዘው፣ ከዚያ ወዲህ ትውልድ ሁሉ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲዛወር የኖረ ነው። የዱሯ እናት ቅጠሉን ስለምታውቀው እንቁላሏ ውስጥ ለልጇ ማስጠንቀቂያ ታኖርላታለች፤ ይህን ስታገኚ አፉን ዝጊው የሚል። የጠርሙሷ እናት አታውቀውም፤ ምን ብላ ታስጠንቅቅ? ስለዚህ የዱር አባትና የጠርሙስ እናት ሲጋቡ፣ ቅጠሉ በአባት በኩል ይገባና ከልካይ ያጣል፤ ዘር በሚሠራበት ቦታ ላይ ይፈነጭበታል። የምትወለደው ሴት ልጅ ክንፏም እግሯም ደህና ነው፤ እንቁላል ግን የላትም። ገልብጣችሁ የዱር እናትና የጠርሙስ አባት ብታጋቡ ግን ምንም አይሆንም። የሁለቱም ወገን ልጆች የወረሱት ያንኑ ቅጠል ነው፤ ልዩነቱ ማን እናት፣ ማን አባት መሆኑ ላይ ነው። የየሺ ሥራ ይህንን በአገራችን ዝንብ ላይ ማሳየት ነበር።

«እንግዲህ እናቲቱ የማታውቀው እንግዳ ነዋ ቤቷ የገባው» አሉ አባባ፣ ጅማቱን በጥርሳቸው እየሳቡ።

የዱሩን ዝንብ ከየት እናመጣለን አላልንም፤ የእማ አተላ አለ። ማጥመዱ የእኔ ሥራ ሆነ። በየጠዋቱ ሙዝ የተቀባ ጠርሙስ ይዤ አተላው ከሚደፋበት እቀመጣለሁ። የክረምት አተላ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ዕድለኛ ነው፤ ላዩ ይሻግታል፣ ስሩ ይፈላል፣ ዶሮ ይጭረዋል፣ ውሻ ይልሰዋል። የያዝኳቸውን የሺ ስታያቸው እንደ ልጅ ዘለለች፤ ከጠርሙሶቹ ይልቅ ጠቆር ያሉ፣ ገዘፍ ያሉ ናቸው። «የደጋ ዝንብ ይጠቁራል ሲሉ አንብቤ ነበር! እዪያት ይህቺን፣ ካፖርት የለበሰች ትመስላለች!» እኔ ካፖርቱን አላየሁም፤ እግሯን ስትፈትግ ነው ያየኋት፣ ከአተላ ላይ ተነስታ።

ማጋባቱ ደግሞ ወንድ ያላየች ሴት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሺ ጠዋትና ማታ ከገለባቸው አዲስ የወጡትን ትለቅማለች። ለመልቀም ዝንቦቹ መደንዘዝ አለባቸው። ማቀዝቀዣ መብራት የለውም፤ ደብረ ታቦር ግን የክረምት በረዶ አለው። በረዶ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲሮጥ እኛ ሳፋ ይዘን ወደ ደጅ እንሮጣለን፤ ጠርሙሶቹን በረዶው ውስጥ ስንቀብራቸው ዝንቦቹ እንደ ጥቁር አዝሙድ ይረግፋሉ። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ይደፋሉ፣ በዶሮ ላባ ወንድና ሴት ይለያያሉ። ያ ነጭ ሳህን የወጥ ሳህን ነበር። ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ይመለሳል። እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ ሲመጣ ማን በየትኛው ሳህን እንደበላ አያለሁ፣ ዝምም እላለሁ።

ሳምንታት ከሄዱ በኋላ የመጀመሪያው ዙር ልጆች አደጉ። ሴቶቹን ከወንድ ጋር በአዲስ ጠርሙስ ከፋፈልናቸው፤ የዱር አባት ልጆች በቀይ ክር፣ የዱር እናት ልጆች በነጭ ክር። ባለ ቀይ ክሩ ትል የሌለበት ንጹሕ መሆን ነበረበት። አንድ ጠዋት የሺ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አሻቀበችው። ትል። ሌላውን አነሳች። ትል። በሁለቱም ወገን ትሉ እንደ ገንፎ ይፈላል። ለወትሮው የሚያስጠላኝ እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን የየሺን ፊት ሳይ ትሉን ረሳሁት።

«ብርዱ ነው» አለች። «ቅጠሉ የሚፈነጨው ሲሞቀው ነው። እዚያ ቆላ ስለነበርኩ አላሰብኩትም። ደብረ ታቦር ላይ በዚህ ክረምት ማን ይዘላል?»

ከታች ሞቃት ወደሆነችው ይፋግ ብትወርድ ሙቀቱ ይበቃት ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ወደ ታች የሚወርድ መኪና አልነበረም። የማሞቂያው ሳጥን ያለው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተዘግቷል። በእጇ ያሉት የመጨረሻዎቹ ጠርሙሶች፣ የሁለተኛው ዙር ጋብቻ ልጆች፣ ገና እንቁላል ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። እህቴን ስለምወዳት ነው፤ ይህ ምክንያት አይሆንም ግን እውነት ነው። የሺ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ ፍለጋ እንደወጣች ከጠርሙሶቹ አብዛኛዎቹን ተሸክሜ ምድጃው ጥግ ደረደርኳቸው። ሞቅ ይበላቸው ብዬ። እንጨቱ ደረቅ ነበር። ዞር ብዬ ሽንኩርት ልጬ ስመለስ ገንፎው ተንተክትኳል፣ ጥጡ ተወርውሯል፣ የተቀቀለ ሙዝና የተቀቀለ… አልጨርሰውም። ጎረቤት ውሻ ሁሉ በራችን ላይ መጣ። የሺ ስትገባ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አፍንጫዬንም እንባዬንም በሹራቤ እጅጌ ይዣለሁ። አልመታችኝም። «ስንት ቀረ?» ብቻ አለች።

«አራት።»

ሁለት ባለ ቀይ፣ ሁለት ባለ ነጭ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አዲስ ለመጀመር ጊዜ አልነበረም።

እማ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ ርጥብ ገብስ ተጣብቋል። ሽታው ደርሷት ነው የወጣችው፣ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው።

«የሚያስፈልግሽ ሙቀት ስንት ነው ያልሽው?»

«ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ እማ።»

«ዲግሪሽን ተይውና፣ እጅ ሲነካው እንዴት ያለ ነው?»

የሺ አሰበች። «እጅሽን ስትከቺው ሞቀ ለማለትም ቀዘቀዘ ለማለትም የሚያስቸግር።»

«እሱማ፣» አለች እማ፣ «የብቅል ሁለተኛው ቀን ነው።»

ገብስ ተነክሮ፣ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ሲጫንበት ሲበቅል በራሱ ይሞቃል፤ ያለ እሳት፣ ያለ መብራት። ይህን በእኛ አገር ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ካልተጠበቀ ይግልና ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠማቂ እጇን እየከተተች ታዳምጠዋለች፣ ሲበዛ ትገልጠዋለች፣ ሲያንስ ታለብሰዋለች። እማ አራቱን ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልላ የብቅሉ ሆድ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። የሺ የመስታወት ሙቀት መለኪያዋን ሰካችበት። እማ በየሰዓቱ እጇን ትከታለች፣ «በዛ» ትላለች፤ የሺ መለኪያውን ታያለች፣ ሠላሳ አልፏል። «አነሰ» ትላለች፤ ሃያ ሰባት ነው። በሦስተኛው ቀን የሺ መለኪያውን ማየት ተወች።

የመጀመሪያው ብቅል በቅሎ ሲያልቅና ሲበርድ እማ ሁለተኛ ገብስ አዘጋጅታ ነበር፤ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ አራተኛ። ለጠላ የሚበቃውን ሦስት እጥፍ የሚያህል ብቅል ግቢያችን ውስጥ ጸሐይ ሲጠብቅ ሻገተ። ቤታችን የበቀለ ገብስና የሞተ ሙዝ ሸተተ። ከጥጡ ያመለጡት ዝንቦች ደግሞ ዕድሜ ልኳን ያባረረቻቸውን ሴት ጋን አፍ ላይ ሰፈሩ፤ አንድ ጋን ጠላ ተደፋ። እማ ጋኑን አጥባ ደፋችው። ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ እኔ እያዛጋሁ አንዷን ዋጥኳት። ስትወርድ ክንፏ ጉሮሮዬ ላይ እንዴት እንዳደረገኝ ልጽፈው እችላለሁ፣ አልጽፈውም። እያለቀስኩ አባባ ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ ጾሜ ተገደፈ?»

«ፈልገሽ ነው የዋጥሻት?»

«ኧረ አልፈለግሁም!»

«ጣፈጠችሽ?»

«አባባ!»

«እንግዲያው እሷ ናት ጾሟን የገደፈችው» ብለው ወደ ዳዊታቸው ዞሩ።

ከዚያ እትዬ ማሬ መጡ። የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ ያለ ጥሪ የሚገቡ፣ ያለ ስንብት የሚወጡ። ልጃቸውን በጥር ድረው ስለነበር ያን ዓመት የሚያወሩት ስለ ሠርጉ ብቻ ነበር። ብቅል ሊበደሩ መጥተው ኖሮ «እስቲ ደርሶ እንደሆን» ብለው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ድረስ ከተቱት። አንድ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ጠርሙሱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ጩኸታቸው ፎቶ ቤቱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ትል! በጌታ! ብቅል ውስጥ ትል! ምነው እናንተ ቤት፣ ልጅ ቢያጡ ዝንብ ያረባሉ እንዴ?»

የሺ በሩ ላይ ነበረች። ሰማች። እትዬ ማሬም እንደሰማች አዩ፣ ግን ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። እማ ቀስ ብላ ጠርሙሱን ከእጃቸው ወሰደች፣ ቦታው መለሰችው፣ ቅጠሉን አለበሰችው።

«ማሬ፣» አለች፣ «እጅሽን ታጠቢ። ሙቀቱን አስወጣሽብኝ።»

ቡሄ ደረሰ። ከተማችን ስሟን ያገኘችበት የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጅራፉ በየኮረብታው ይጮሃል፣ ሕፃናት በየበሩ ይጨፍራሉ። የሺ ከብቅሉ የወጡትን ልጆች ከቀናት በፊት በአዲስ ጠርሙሶች ከፋፍላ እንደገና ብቅል ውስጥ ቀብራቸው ነበር። ያን ቀን ማውጣት ነበረባት፤ እሷ ግን ደጅ ቆማ ጅራፉን ትሰማለች። እማ ገብታ ይዛቸው ወጣች፣ አራቱንም በሻሽ ጠቅልላ፣ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ትል ያለበትን ነገር ከማንም በፊት አያለሁ። ባለ ነጭ ክሮቹ እንደ ወትሮው ነበሩ፤ ገንፎው ተቆፋፍሮ፣ ትሉ እየተገለባበጠ፣ መስተዋቱ ላይ እየተንፏቀቀ። ቶሎ አስቀመጥኳቸው። ከባለ ቀይ ክሮቹ አንዷን አነሳሁ። ገንፎው ለጥ ያለ ነው። ልክ እንደፈሰሰ፣ ልክ እንደ ተለሰነ ግድግዳ። ሴቶቹ ዝንቦች ላዩ ላይ ይሄዳሉ፣ ከወንዶቹ ጋር ናቸው፣ ደህና ናቸው። አንድም ትል የለም። በዚያ ክረምት ሙሉ ያየኋት የመጀመሪያዋ ንጹሕ ጠርሙስ ናት።

«የሺ፣» አልኩ፣ «ይቺ አታስጠላም።»

የሺ ነጠቀችኝ። ወደ ብርሃን አደረገችው። ሁለተኛውንም። በላባው ጫፍ ገንፎውን ጫረችው፣ በማጉያ መስታወቷ አየች፣ እንደገና አየች። ከዚያ እንደ ልጅ ጮኸች። እማ የተጮኸው ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እልል አለች፤ እኔም እልል አልኩ፤ አባባ ከተቀመጡበት ተነሱ፤ በር ላይ ይጨፍሩ የነበሩት ልጆች ለእነሱ መስሏቸው ጭፈራውን አከረሩት። እትዬ ማሬ ነጠላቸውን እየጎተቱ በአጥሩ በኩል ገቡ።

«ምን ተገኘ? ምን ተወለደ?»

«መከኑልን!» አለች እማ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ። «ማሬ፣ መከኑልን እኮ!»

ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። እልልታው አፏ ላይ ቀረ። ጅራፍ ብቻ ይሰማል። ሁላችንም የሺን አየናት፤ እትዬ ማሬ ደግሞ መሬት አዩ። የሺ ጠርሙሷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትስቅ ነበር። ከገሳይ ከተመለሰች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም፤ እስክትቀመጥ ድረስ፣ እስክትሳል ድረስ ሳቀች። ከዚያ እማ፣ ከዚያ ሁላችንም።

ሳቁ ሲበርድ እማ ባለ ቀዩንና ባለ ነጩን ጠርሙስ ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው። «የሁለቱም ዘር ያው ነው አላልሽም?»

«ያው ነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማናቸው ነው?»

«የማናቸውም አይደለም፣ እማ።»

እማ ንጹሑን ጠርሙስ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ከውጭ አንድም ነገር አልነበረበትም።

መንገዱ ሲከፈት የሺ ካርቶኗን በነጠላ ጠቅልላ ሄደች፤ መስከረም ሳይጠባ ጥናቷን አስገባች። ዛሬ ታስተምራለች። ዝንብ ማርባቷን ግን አልተወችም፤ ስለዚህ ለዓመት በዓል ስትመጣ ከመሳሜ በፊት ጸጉሯን አራግፋለሁ። አንዷን ባለ ቀይ ክር ጠርሙስ ገንፎው ደርቆ፣ ዝንቦቹ ገለባ ሆነው፣ እማ መደርደሪያ ላይ ከሳህኖቹ አጠገብ አስቀምጣታለች። እንዳትጣል ተብሏል። እኔ ያን መደርደሪያ ስወለውል ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፣ የሺ ለፋሲካ መጥታ ሳለ እትዬ ማሬ ገቡ። ያን ቀን ግን በበሩ በኩል፣ አንኳኩተው ነው የገቡት። ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናብ አወሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሺዬ፣ ያቺ ጠርሙስ አለች?» አሉ። «ልጄን አልወለደችም ብለው ሊመልሷት ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል ብለዋል። ጠርሙሷን ይዘሽ መጥተሽ ለአማቾቿ ብታስረጂልኝ ብዬ። ከወንድም ይሆናል በያቸው።»

ያኔ ስለተናገሩት ቃል ታነሳባቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን አነሳ ነበር። እንዲያውም ጥሩ አድርጌ አዘጋጅቼው ነበር።

«እትዬ ማሬ፣» አለች የሺ፣ «ዝንብ ለሰው አይመሰክርም። የሰው ነገር ሌላ ነው፤ ዋሽቼ አልሄድልዎትም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ግን ሁለቱም ይሂዱ። አብረው ካልሄዱ አትሂድ። ሽማግሌው ከመቀመጡ በፊት ይህንን ብቻ ይጠይቁ፤ ካስፈለገ እኔም መጥቼ አብሬዎት እጠይቃለሁ።»

አብራቸው ሄዳ ጠየቀች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም፤ ሦስት ሰዓት እንደፈጀ ብቻ ነው የማውቀው። ልጅቷ ወለደች አልወለደች ደግሞ እዚህ አልጽፍም፤ የራሷ ነገር ነው፣ እትዬ ማሬም ማንበብ ይችላሉ። የምጽፈው ያየሁትን ነው። በሳምንቱ ጠዋት ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥግ፣ ከባለሙዟ ፊት ለፊት፣ ባልና ሚስቱ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የባሕር ዳር ሚኒባስ ሲሳፈሩ ከየሺ ጋር ቆመን አየናቸው። ባልየው አፍሮ አንገቱን ደፍቷል፣ ግን ገባ፤ እሷ ከጎኑ ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ሙዙ ይሸታል፣ ዝንቡ ፊታችን ላይ ይዞራል፣ እኔ በሁለት እጄ አባርራለሁ። የሺ ግን አንዲቷ ጉንጯ ላይ አርፋባት አላባረረቻትም፤ መኪናው ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱን የያዘውን ወንበር ታይ ነበር።